ቢላ የማያሻው ሥጋ

ሮቢት፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለእትዬ ሙሚና፣ ምጽዋ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የባሕሩ ወበቅ እንዴት ይዞዎታል? የባለቤትዎ የጋሼ ኢብራሂምስ ጉልበት ተሻለው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። እናቴ ሐጂራም ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ የያዘው አስፋው የሚባል የደብረ ሲና ልጅ ነው። በአዲሱ መንገድ እስከ አሥመራ መኪና ይነዳል፤ ከዚያ ወዲያ ለሚያውቀው ሰው ይሰጥልኛል። ስለ አገሩ ሰላም አይጠይቁኝ፤ ወረቀት ብዙ ዓይን ያየዋል።

አክስቴ፣ ሥራ ይዣለሁ። ቢሰሙት ይስቁብኛል፤ እኔን ግን ሳስበው እስካሁን ሰውነቴን ይወረዋል። ከሮቢ ወንዝ በታች፣ እኛ ማሽላ የምንዘራበትን ሜዳ አንድ ጣሊያን ወስዶ ጥጥ ያለማበታል። እዚያው አጠገብ ሰፋፊ ጉድጓድ አስቆፈረን፤ ከወንዙ ቦይ ጠልፈን ውሃ ሞላንበት። ለጥጡ የሚጠራቀም ውሃ መስሎን ነበር። ከዚያ ከአዋሽ በኩል መኪና መጣ። ላዩ ላይ በርሜል ተደርድሯል፤ በርሜሉን ከውስጥ የሚመታው ነገር አለ። ሲከፍተው ዓሣ ነው። ነፍስ ያለው ዓሣ፣ በመኪና ተሳፍሮ፣ በረሃውን አቋርጦ እኛ ዘንድ መጣ። ጣሊያኑን ከዚያን ጊዜ ወዲህ አባ በርሜል ነው የምንለው።

ወዲያው ልንገለብጠው ስንል እጃችንን ያዘን። ከጉድጓዱ ውሃ በጣሳ እየቀዳ ጥቂት ጥቂት በርሜሉ ውስጥ ያፈሳል፤ ይጠብቃል፤ ደግሞ ያፈሳል። አስተርጓሚው እንደነገረን፣ የመጡበትና የሚገቡበት ውሃ ሳይተዋወቁ ከገቡ ደንግጠው ይሞታሉ። ሙሽራ እንኳ እንዲህ ቀስ ተብላ አትገባም። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ከወጣች በኋላ በርሜሉን ዘንበል አደረግነው፤ ተከታትለው ወጡና ውሃው ዋጣቸው። ጎልማሳው ሁሉ አፉን ከፍቶ ጉድጓዱን ሲያይ ቆየ። ሱብሃነላህ ለማለት ያልረሳው ሽማግሌው አሊዪ ብቻ ነው።

ጠባቂያቸው እኔ ሆኛለሁ። እርስዎ ከዓሣ ጋር ኖረዋልና ምክር ይላኩልኝ። ሲያማቸው በምን ይታወቃል? ሲርባቸውስ?

ዱዓዎ አይለየን። የእህትዎ ልጅ ሙሄ።


ምጽዋ፣ ታኅሣሥ ፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሄ። ወአለይኩም ሰላም። አላህ እጅህን ያለምልመው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጎረቤቴ ሙሀባ ደጋግማ አነበበችልኝ፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷ ናት። የአጎትህ የኢብራሂም ጉልበት እንደዚያው ነው፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። ዓሣ በመኪና ተሳፈረ ስላቸው፣ እኛ ስናሳድደው ኖርን፣ ለካስ ቢልኩበት ይመጣ ነበር ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከእኔ ምክር ጠየቅህ? ልጄ፣ እኔ የማውቀው የሞተውን ነው። ገበያ ተቀምጬ ዓይኑን አያለሁ፤ ከጉንጩ ሥር ያለውን ስንጥብ ከፍቼ ከቀላ ዛሬ የወጣ ነው፣ ከጠቆረ የሰነበተ ነው እላለሁ። ዓሣ ሲርበው በምን ይታወቃል ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አልነበረም። እንደ ፍየል የምታግዳቸው ከሆነ ግን እስቲ ንገረኝ፤ ሲመሽ በረት ታስገባቸዋለህ? ስም አወጣህላቸው?

አጎትህ አንድ ነገር ብለዋል። ዓሣን በደረቅ እጅ አትንካው። ላዩ ላይ ያለው ሙልጭልጭ ነገር ልብሱ ነው፤ ደረቅ እጅ ይገፈዋል፤ የተገፈፈ ዓሣ አይከርምም።

ከአገሬ በርበሬ ጥቂት ላክልኝ፤ የዚህ አገሩ ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም። ደግሞ ስለ ሐጂራ ደህና ናት ብለህ አለፍክ። ደህና ናት የሚባለው ለባዕድ ነው። ምን አለች? ሰላም በልልኝ አላለችም? እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እህቴ በሰው አፍ እንኳ አንድ ቃል ልካልኝ አታውቅም። ይህን ስል ሙሀባ ብዕሯን አቁማ አየችኝ፤ ጻፊ አልኳት።

አክስትህ ሙሚና።


ሮቢት፣ የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ። አሰላሙ አለይኩም። አላህ በቸር ያገናኘን። በርበሬውን ለአስፋው ሰጥቼዋለሁ፤ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

እጄን አርጥቤ ነው የምነካቸው፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የሞተ የለም፤ ጋሼ ኢብራሂምን አላህ ይስጥልኝ። ሥራዬን ልንገርዎ። ጎህ ሲቀድ ቀድሜ የማየው አፋቸውን ነው። ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፋፍቱ ካገኘኋቸው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ያኔ የቦዩን ሳንቃ አንሥቼ ውሃው ከከፍታ እንዲወርድባቸው እለቀዋለሁ፤ ቅጠል ባለው ቅርንጫፍም ጉድጓዱን እደበድበዋለሁ። ዓሣ አየር የማይሻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ይሻል፤ ጌታ ድርሻቸውን ውሃው ውስጥ ሸሽጎ አስቀምጦላቸዋል። ስንት ዘመን ከሮቢ ስጠጣ ይህን አላውቅም ነበር።

ፍግ በቅርጫት አድርጌ ጥግ ላይ እነክርላቸዋለሁ፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አረንጓዴ ግጦሻቸው ነው። ሲበዛ ደግሞ ያፍናቸዋል። ስለዚህ ክንዴን አጠልቃለሁ። ውሃው ክርኔን ሳይነካ መዳፌ ከጠፋብኝ ቅርጫቱን አወጣለሁ፤ ክርኔ ሰምጦም ጣቶቼን ካየኋቸው ፍግ እጨምራለሁ። ከዚያ ኩይሳ ቆፍሬ ምስጥ አመጣላቸዋለሁ። ኮቴዬን ያውቃሉ አክስቴ። ሌላ ሰው ሲመጣ ይጠፋሉ፤ እኔ ስመጣ ጥግ ጥጉ ይፈላል። ስም አላወጣሁላቸውም፤ ከወንዙ የወጣ አርጃኖ ጅራቱን የነከሰውን ብቻ ቆራጣው እለዋለሁ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። አንበጣ መጣብን። ማሽላው ለአጨዳ ሲቃረብ ነው የወረደብን፤ አገዳው ቆሞ ቀረ። ወንዱም ቢሆን ወይ መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ ወይ እዚህ ስሙ ከማይጻፍ ቦታ ነው። አባ በርሜል ለእኛ ለሠራተኞቹ በየጁምዓው ዓሣ ይሰጠናል። እናቴ ግን አትነካውም። ሐላል የተባለው የባሕሩ ነው፤ ይሄ በሰው እጅ በጉድጓድ ያደገ ነው፤ በሰው እጅ ያደገ ሁሉ የሚበላው በቢላ ነው፤ ሳይታረድ የሞተ ጥንብ ነው ትላለች። ሼሃችን ለሐጅ ሄደው ስላልተመለሱ አሊዪን ጠየቅሁት። ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበና፣ ስለ ባሕሩ ሰምቻለሁ፣ ስለ ጉድጓዱ አልሰማሁም፤ የማላውቀውን አልልም አለኝ። እባክዎ ከዚያ ካሉ ዐዋቂ ጠይቀው ቶሎ ይጻፉልኝ።

እናቴ ደህና ናት። ትንሽ ከስታለች።

ሙሄ።


ሮቢት፣ መጋቢት ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ። አላህ በጤና ያቆይዎ። አስፋው ሄዶ መጣ፤ ከእርስዎ የያዘልኝ የለም። መልስዎን ሳልጠብቅ አንድ ነገር አድርጌአለሁና ይስሙኝ።

እናቴ የምትሻው ቢላ ከሆነ በቢላ ይሁን አልኩ። ከዓሣዎቹ መካከል አንዷ ጥግ ላይ ተለይታ ትቆም ነበር። ጉንጯ አብጧል፤ ምስጥ ስበትን ዘወር ትላለች። እኛ የከብት ሰዎች አይደለን? ከመንጋው የተለየና መኖ የተወ ከብት ታሟል ማለት ነው፤ ሳይሞት ይታረዳል። አባ በርሜልን ይህችን ስጠኝ አልኩት፤ እሱም በቅጡ ሳያያት ውሰድ አለኝ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቤት አመጣኋት። እናቴ መደቡ ላይ ሆና እንድታይ በሩ አጠገብ ቅጠል አነጠፍኩና ወደ ቂብላ አዞርኳት። ዓሣ አንገት የለውም፤ የቱ ጋ እንደማርዳት እንኳ ግራ ገባኝ። ቢስሚላህ አላሁ አክበር ብዬ ከስንጥቧ ሥር ቢላውን አሳረፍኩ። አፏ ተከፈተ። ልጆች ወጡ።

ከአፏ ነው የምልዎ አክስቴ። ከዓይናቸው በቀር አካል ያላቸው የማይመስሉ፣ ቅጠሉ ላይ እየተንጠባጠቡ የሚዘሉ ብዙ ልጆች። እኔ ቢላውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ከመደቡ ወረደች። በጉልበቷ እየዳኸች መጣች፤ የውዱእ ውሃዋን ከማንቆርቆሪያው ገበቴ ላይ ገለበጠችና ልጆቹን በእፍኟ እያፈሰች ጨመረቻቸው። ዋኙ።

ገበቴውን ደግፋ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ፣ "አልታመመችም፤ ጾማ ነው። ልጆቿን የያዘችበት አፍ በምን ይጉረስ?" አለችኝ። እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ዓሣዋን የበላት የለም፤ ከግራሩ ሥር ቀበርኳት።

ልጆቹን ይዤ ወደ ጉድጓዱ ተመለስኩና በአስተርጓሚው ለአባ በርሜል ነገርኩት። አልተቆጣም። አንድ ፀሐይ ያረፈበት ዳርቻ ወስዶ በሆዴ አስተኛኝ፤ እሱም ንጹሕ ልብሱን ይዞ ከጎኔ ተኛ። ከሥራችን አንዲት ሌላ እናት ቆማለች፤ ልጆቿ በዙሪያዋ እንደ ትንኝ ያንዣብባሉ። ባርኔጣውን አውልቆ ጥላው እንዲያርፍባቸው ዘረጋው። ልጆቹ ሁሉ ወደ አፏ ተመሙ፤ ገቡ፤ ከደነችው። ምንም እንዳልነበረ ሆነ። ባርኔጣውን ሲያነሣ ደግሞ አፏን ከፈተችና ሁሉንም መለሰቻቸው። ከእሱ ጋር የምንግባባበት ቋንቋ የለንም፤ ተያየን። በአባቴ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው መሆኑን ለዚያች ጊዜ ረሳሁት።

አሁን እናቴ በቢላም ያለ ቢላም ዓሣ የሚባል አታስነሡብኝ ብላለች። የሼሁን ቃል ቶሎ ይላኩልኝ አክስቴ፤ ሌላ ምንም አይላኩልኝ።

ሙሄ።


ምጽዋ፣ ሚያዝያ ፳፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሄ። ሰላምና ረህመት በቤትህ ይውረድ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ አንድ ላይ ደረሱኝ። አሥመራ ላይ የሚቀበለው ሰው ቤቱ አልነበረም፤ የት እንደሄደ የሚናገርም የለም። አስፋው ሌላ ሰው ፈልጎልናል።

ሙሀባ ስለ ዓሣዋ ስታነብልኝ እጄ ላይ የነበረውን ጣልኩት። ይህን ሁሉ ዘመን የዓሣ አፍ ስከፍት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መንጠቆ ላወጣ እንጂ ሌላ ነገር ልፈልግበት አይደለም። አጎትህ ይህን አልሳቁበትም። በኋላ፣ ዕድሜ ልኬን ከላዩ ስቀዝፍ ኖርኩ፣ ከሥሩ ይህ ሁሉ አለ? አሉና በምርኩዛቸው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ተቀምጠው ሲያዩት አመሹ።

አሁን የሼሁን ቃል ስማ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ዓሣ የታረደበት አገር የት ነው ብለው ፈገግ አሉ። ስለ እናትህ ስነግራቸው ግን ፈገግታቸውን ተዉት። እንዲህ አሉ፤ ውሃ ውሃ ነው፤ ጨው ቢኖረውም ባይኖረውም። በውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ቢላ አያሻውም፤ ከውሃ መውጣቱ ብቻ ይበቃዋል። ጉድጓዱን ሰው ስለቆፈረው ዓሣው ፍየል አይሆንም። ፍጉም አረንጓዴ ሆኖ ካለፈ በኋላ ፍግ አይደለም። እህትሽ ቢስሚላህ ብላ ትብላ፤ ነፍሷን ማቆየት ግዴታዋ ነው። ቃል በቃል ነው ያስጻፍኩት።

ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ ፋቀው። ዝንጅብል ጨምረህ ቀቅልና መጀመሪያ መረቁን አጠጣት፤ ተርቦ የሰነበተ ሆድ ሥጋ ቶሎ አይችልም።

ሌላውን ደግሞ ልበልህ። ትንሽ ከስታለች አልከኝ። በሚቀጥለው ደብዳቤ በጉልበቷ እየዳኸች መጣች ብለህ ጻፍክ። ትንሽ የከሳች ሴት በጉልበቷ ትድኻለች? የላክኸው በርበሬ ተቀምጧል፤ አልቀመስኩትም። ከአንተ የምፈልገው እውነቱን ነው።

ሙሚና።


ሮቢት፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ። አሰላሙ አለይኩም። እውነቱን እጽፋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ፤ እዚያ ሆነው ምን ሊያደርጉ ብዬ ነው የሸሸግሁት።

እናቴ ካልደገፏት አትቆምም። ከጎረቤት የምትመጣ ጭልፋ ወተት አለች፤ እሷንም ልጠጣ ስትል ሌላ የተራበ ሰው ታስታውስና ትሰጣለች። እጇ ከመቅለሉ የተነሣ ሰላም ስላት የያዝኩት አይመስለኝም። ጎረቤቶቻችን አቀማመጣቸው የለቅሶ ቤት ሆኗል፤ ሲመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት።

የሼሁን ቃል አነበብኩላት፤ አሊዪም ነበር። አሊዪ ደስ ብሎት አለቀ በቃ፣ ሐላል ነው አለ። ያን ዕለት መረብ ውስጥ ከገቡት ዓሣዎች አንዷን መርጬ፣ አፏን ከፍቼ አይቼ፣ እርስዎ እንዳሉት ቀቀልኩ። መረቁን ወደ እናቴ አፍ ሳቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሊዪ ተቆጣ። እሷ እሱን ትታ ለእኔ እንዲህ አለችኝ።

"ሐላል መሆኑን ልቤም አላጣውም ነበር። ያ የምጽዋ ሰው በአፋር በኩል ከነግመሎቹ መጥቶ እህቴን ሲያጭ ልብሱ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ሙሚና ይዛው ሄደች። እናታችን ስትሞት አልነበረችም፤ አንተ ስትወለድ አልነበረችም። እህቴን የወሰደብኝን ነገር እንዴት ልዋጠው?"

ይህን ያህል ስታወራ ከሰማኋት ከርሜአለሁ። ሲደክማት ተኛች። አክስቴ፣ ቃል አልላከችም ያሉት፣ ቃሉ አንድ ስለሆነና እሱም በሰው አፍ የማይላክ ስለሆነ ነው። ትምጣ ነው ቃሉ። መንገዱ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ይምጡ ብዬ የምጽፍበት ድፍረት የለኝም፤ የነገረችኝን ግን አልሸሽግዎትም።

ሙሄ።


አሥመራ፣ ሰኔ ፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለሙሄ። ሙሀባ የለችም፤ ይህን የሚጽፍልኝ የማላውቀው ሰው ነውና አሳጥራለሁ።

ጣሊያኖቹ የይለፍ ወረቀቱን ሰጡኝ። እምቢ ሲሉኝ በራቸው ላይ ተቀመጥኩ፤ አጎትህም በምርኩዛቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከዓሣችን ሽታ የተነሣ ይሁን ከሽበታችን፣ ፈርመው አስነሡን። አጎትህ ሂጂ አሉኝ፤ ወሰድኳት እንጂ አልሰረቅኳትም ብለሽ ንገሪልኝ አሉ። አስፋው ከእህል ጆንያው ላይ ያስቀምጠኛል። ድልድይ ከፈረሰ፣ መንገድ ከተዘጋ ስንት እንደምንቆይ አላህ ነው የሚያውቅ። ደሴ ስንደርስ ሾፌሮቹ በሚያድሩበት በወይዘሮ የሺ ቤት አርፋለሁ፤ ወሬ ካለህ ወደዚያ ላክ።

ምንም አልፈልግም። እሷን አቆይልኝ።

ሙሚና።


ሮቢት፣ ሰኔ ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ሙሚና፣ ደሴ፣ በወይዘሮ የሺ ቤት።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። መንገዱን አላህ ያቅናልዎ፤ ጆንያው አይጎርብጥዎ። ወረቀትዎ ከእናንተ ቀድሞ በመጣ ሾፌር እጅ ትናንት ደረሰኝ። ጉድጓዱ ላይ ነበርኩ፤ ዝናብ ሊመጣ ስለሆነ የቦዩን ወንፊት እየጠረግሁ ነበር፤ ጭቃዬን ሳልታጠብ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ እንደ ወትሮዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። መጀመሪያ መግቢያውን አነበብኩላት፤ አልተነቃነቀችም። በራቸው ላይ ተቀመጥኩ የሚለው ላይ ስደርስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ብጠጋ ለካስ እየሳቀች ነው። ድሮም እንዲሁ ነበረች፣ ከተቀመጠች የሚያስነሣት የለም አለችኝ። ከዚያ የት ደርሳ ይሆናል አለች። እኔም ምናልባት መቀሌ፣ ምናልባት አላማጣ አልኳት። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። መንገዱ ስንት ቀን እንደቀረው፣ እሷም ስንት ቀን እንደቀራት የምታሰላ መሰለኝ።

"ዓሣው አለ?" አለችኝ።

አለ አልኳት።

"አምጣ እንግዲህ። ሙሚና ስትመጣ ቁጭ ብዬ ልጠብቃት።"

አክስቴ፣ ወደ ጉድጓዱ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ኮቴዬን ሰምተው ጥጉ ላይ ፈሉ። እጄን አረጠብኩ፤ በመረብ አንዱን አወጣሁ፤ አፉን ከፍቼ አየሁ፤ ባዶ ነው። ቢስሚላህ ብዬ ከውሃው ለየሁት። ያን ጊዜ የምወስደው የጁምዓ ድርሻዬን እንዳልሆነ፣ የእናቴን ነፍስ እንደሆነ አውቄአለሁ። አባ በርሜል ከሩቅ አየኝ፤ ቀኑ ጁምዓ አይደለም፤ ግን አላስቆመኝም።

ከትራስ አስደገፍኳት። መረቁን በማንኪያ ጀመረች፤ ፊቷ ሲኮሳተር መልሳ ልትተፋው ነው ብዬ ፈራሁ፤ ዋጠችው። ደገመች። ከሥጋውም ቆርሳ በጣቷ አጥንቱን እየለየች በላች። አሊዪ በር ላይ ቆሞ አልሐምዱሊላህ እያለ ነበር፤ እኔ ግን ሱብሃነላህ ማለት እንኳ አቃተኝ። ያን ሁሉ ተአምር ጉድጓዱ ዳር በሆዴ ተኝቼ ያየሁ ሰው፣ የእናቴ ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ሲል እንደማየት ያስደነቀኝ የለም።

ሣህኑን ስትመልስልኝ እርስዎ ዘንድ የምልከው ቃል እንዳላት ጠየቅኋት። አላት። እሷ እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

"ይሄ ዓሣችሁ አልጫ ነው፤ እዚህ ጨው ጠፍቷል። ከደሴ ጨው ይዛ ትምጣ።"

ሙሄ።